መርከብ ላይ ያለው ወንድሜ ሲደውል መስመሩ እየተቆረጠ እናቴ እንቅልፍ አጣች፣ ምን ይሻላል?

የለገዳዲዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ መርከበኛ ነው። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሶ፣ ባሕር ዳር ሠልጥኖ፣ አሁን የውጭ ኩባንያ የዕቃ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ካዴት (ተለማማጅ) ሆኖ ከገባ አራተኛ ወሩን ይዟል። ኮንትራቱ ዘጠኝ ወር ነው። እኛ ያለነው ለገዳዲ ነው፣ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ሲወጣ። ከቤታችን ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ሲቆም ግድቡ ይታያል። እናቴ በዕድሜዋ ያየችው ትልቁ ውኃ እሱ ነው፣ ባሕር ሲባል በሐሳቧ የሚመጣው እሱ ነው፣ ስለዚህ ልጇ የት እንዳለ ላስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ችግሩ ስልኩ ነው። ይደውላል፣ ፊቱ ይመጣል፣ "እማ እንዴት ነሽ" ይላል፣ ከዚያ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል። ድምፁ አንዳንዴ ይቀጥላል፣ አንዳንዴ እሱም ይጠፋል። እናቴ ወዲያው "መርከቡ ምን ሆነ?" ነው የምትለው። ያን ቀን እራት የለም። በቀደም ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁ ጠፋና ጎረቤት ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ፣ ለቅሶ ቤት መሰለ። በአራተኛው ቀን "ጊጋዬ አልቆ ነበር" ብሎ ቴሌግራም ላይ አንድ መስመር ጻፈ። አጠገቤ ቢሆን በጥፊ ነበር።

እሱ እንደሚለው መርከቡ ላይ ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት አለ። በወር የተወሰነ ጊጋ በነፃ ይሰጣቸዋል፣ ሲያልቅ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይገዛል። ያልገባኝ ነገር፣ ስታርሊንክ እንደሚወራለት ከሆነ ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው? ዱባይ ያለ የአክስታችን ልጅ ደግሞ "የራሱን ስታርሊንክ ገዝቼ መርከቡ እዚህ ሲቆም ልስጠው" ይላል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፣ ያዋጣል? ወይስ በየወደቡ ሲም ቢገዛ ይሻለዋል? መርከብ ላይ የሠራችሁ፣ ወይም የመርከበኛ ቤተሰብ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።


ሞተር ክፍል፦

እህቴ አይዞሽ፣ የሁላችንም እናቶች እንደዚሁ ናቸው። እኔ መርከብ ላይ ሰርድ ኢንጂነር (ሦስተኛ መሐንዲስ) ነኝ፣ አሁን እረፍት ላይ ስለሆንኩ አያት ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብያለሁ፣ ጊዜ አለኝ፣ በደንብ ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ስታርሊንክ ካለ ወንድምሽ ዕድለኛ ነው። እኔ ካዴት ሳለሁ የነበረው ቪሳት የምንለው የድሮው የሳተላይት ኢንተርኔት ነው። የቪሳት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለው። "ሄሎ" ስትይ ድምፅሽ እዚያ ድረስ ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም እንደዚያው ይመጣል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ በተግባር ከዚያም ይበልጣል። ከእናቴ ጋር ሁሌ እኩል እያወራን እኩል ዝም እንል ነበር። ስታርሊንክ ግን የሚዞረው 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ስለዚህ ያ መዘግየት የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለምን ይቆረጣል? የሰማይ ችግር አይደለም ብዙ ጊዜ። የመርከቡ የውስጥ ችግር ነው። አንድ የጭነት መርከብ ላይ 20 ወይም 25 ሰው አለ። ሥራ የሚያልቀው በተመሳሳይ ሰዓት ነው፣ እራት የሚበላው በተመሳሳይ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ሁሉም ሚስቱ ጋ፣ እናቱ ጋ፣ ኳስ ጋ በአንድ ጊዜ ይገባል። ለሠራተኛው የተተወው መስመር ደግሞ ከኩባንያው ሥራ መስመር የተለየና የተመጠነ ነው። ለወንድምሽ ንገሪው፣ ከራት በኋላ አይደውል። ጠዋት ቁርስ ሳይደርስ፣ ወይም ከሰዓት የቡና ሰዓት ላይ፣ ያኔ መስመሩ ባዶ ነው።

ሌላው ብረቱ ነው። የመርከብ ግድግዳ፣ ወለል፣ ጣሪያ፣ በር፣ ሁሉም ብረት ነው። ዋይፋይ ደግሞ ብረት አያልፍም። ራውተሩ ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው መመገቢያው ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ ነው፣ የካዴት ካቢን ደግሞ ታች ጥግ ላይ ነው የምትሆነው። አልጋው ላይ ተኝቶ እየደወለ ከሆነ አንድ መስመር ይመጣለታል፣ በሩ ሲዘጋ እሷም ትጠፋለች። ራውተሩ የት እንዳለ ፈልጎ እሱ ሥር ቁጭ ይበል። የኤሌክትሪክ መኮንኑን፣ ኢቲኦ የምንለውን፣ በጨዋ ደንብ ቡና ይዞ ሄዶ ቢጠይቀው ይነግረዋል። እኔ በዚህ መንገድ ካቢኔ በር ላይ ራውተር አሰቅያለሁ፣ ሁለት ቡናና አንድ ሙሉ የቅዳሜ ከሰዓት ኬብል መሳብ ነው ያስወጣኝ።

ከዚያ ደግሞ ሰው በተቃራኒው የሚረዳው ነገር አለ። ቤተሰብ "ወደብ ደረሰ፣ አሁን በደንብ ያወራል" ይላል። ስታርሊንክን ያልፈቀዱ አገሮች አሉ። መርከቡ የእነሱ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ከባሕር ዳርቻ 12 የባሕር ማይል ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ መዝጋት ግዴታ ነው። ውቅያኖስ መሀል ሆነሽ ልጅሽን በቪዲዮ እያየሽ ትከርሚና ከተማው በዓይን ሲታይ ጨለማ ውስጥ ትገቢያለሽ። ወደብ ውስጥ ደግሞ ክሬኑና የኮንቴይነሩ ቁልል ሰማዩን ይሸፍነዋል።

አደገኛ አካባቢ ሲታለፍ ሌላ ነው። እኔ በነበርኩበት መርከብ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንገባ ካፕቴኑ የሠራተኛውን ዋይፋይ ሙሉ በሙሉ አጠፋው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ አንድ ሰው "እዚህ ደርሰናል" ብሎ ፎቶ ቢለጥፍ ለሁላችንም አደጋ ነው። አራት ቀን ዝም። ቤተሰቤ ግን አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር ማንም አላለቀሰም። ወንድምሽ የበደለው እዚህ ላይ ነው፣ ጊጋው ማለቁ ሳይሆን ሳይነግራችሁ ማለቁ።

የመብት ነገርም አለ። የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ ኤምኤልሲ 2006 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሻሽሎ ማሻሻያው ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ጀምሮ ጸንቷል። የመርከቡ ባለቤት በተቻለ መጠን ለሠራተኛው ኢንተርኔት እንዲያቀርብ፣ የሚያስከፍል ከሆነም ክፍያው ተመጣጣኝ እንዲሆን ይላል። ነፃ ይሁን አላለም፣ ልብ በዪ። ግን ዋጋው የማይረባ ከሆነ ካዴትም ቢሆን መጠየቅ ይችላል። ቀስ ብሎ ይጠይቅ እንጂ፣ ካዴት ነው።


ፈጣኑ፦

ይሄን ሁሉ ምን አመጣው። የዱባዩ ልጅ ልክ ነው። ስታርሊንክ ሚኒ ላፕቶፕ የሚያክል ነገር ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ምናምን ነው። ይግዛለትና ይገላገል። ኮንትራቱ ሲያልቅ ደግሞ ለገዳዲ ይዞት መጥቶ ቤት ይሰቅለዋል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።


ሞተር ክፍል፦

@ፈጣኑ ወንድሜ ድንጋዩንም ወፉንም አጣህ።

አንደኛ፣ ሳህኑ ሰማይ ማየት አለበት። ካቢን ውስጥ አይሠራም። ውጭ ልታስቀምጠው ነው፣ ውጭ ደግሞ የኩባንያው ነው። ያለ ካፕቴን ፈቃድ መርከብ ላይ አንቴና መትከል ካዴትን ከመጀመሪያው ወደብ ወደ ቤት ያስልካል። የነዳጅ መርከብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ ታንከር ዴክ ላይ ብልጭታ ሊፈጥር የሚችል ተራ ኤሌክትሮኒክስ ይዘህ መውጣት ራሱ ክልክል ነው።

ሁለተኛ፣ የየብስ ጥቅል ክፍት ባሕር ላይ እንደልብ አይሠራም፣ ለውቅያኖስ የሚሆነው ክፍያ ሌላ ነው፣ ውድ ነው። ሦስተኛ፣ ስታርሊንክ እዚህ አገር እስካሁን ፈቃድ የለውም። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ምን ብሎ ሊያስረዳ ነው?

ተደብቆ ይሠራል የምትል ከሆነ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2023 ማንቸስተር የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ አለቆች ተደራጅተው ስታርሊንክ ገዝተው ከላይ ሰቅለው ለራሳቸው የተደበቀ ዋይፋይ ከፈቱ። ስሙን "ስቲንኪ" አሉት፣ ግማት እንደማለት። ነገሩ ሲጋለጥ ዋናዋ ተጠያቂ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርባ ማዕረጓ ዝቅ ተደረገ። የጦር መርከብ ላይ ያሉ አለቆች ያልደበቁትን የእኛ ካዴት ሊደብቅ?


ፈጣኑ፦

እሺ ተሸነፍኩ 😂 የጉምሩኩን አላሰብኩትም።


የሁለት ልጆች እናት፦

የኔ እህት፣ ወንዶቹ ስለ ሳተላይት ያውሩ፣ እኔ ስለ ቤት ላውራሽ። ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ባለቤቴ መርከብ ላይ መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሁለቱም ልጆቼ ሲወለዱ ባሕር ላይ ነበር። ስለዚህ ስለ መቆረጥ እኔን ጠይቂኝ።

መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር አስተካክሉ። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ልንፋታ የደረስነው በዚህ ነው፣ አልቀለድኩም። "ነገ 1900 ላይ እደውላለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ሥራ ውዬ መጥቼ፣ ተጣጥቤ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ ቁጭ። እሱ ያኔ ሲንጋፖር ነበር። የእሱ 1900 የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ለካ። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ሎከር ውስጥ ሳለ ደውሎ፣ አላነሳችም ብሎ አኩርፎ ተኝቷል። እኔ ስጠብቀው እሱ ጋ እኩለ ሌሊት ነበር። ይባስ ብሎ የመርከብ ሰዓት አንድ ቦታ አይቆምም፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ወደፊት፣ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ወደኋላ ይገፉታል። አሁን ሕጋችን አንድ ነው፣ እሱ ነው የሚያሰላው፣ የሚጽፈው በሀበሻ ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ሒሳብ አልሠራም።

ሁለተኛ፣ ቪዲዮ ተዉ። እናትሽ ፊቱን ማየት ትፈልጋለች፣ አውቃለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ያሳያት። የቀረውን ቀን ድምፅ ቀድቶ ይላክ። የተቀዳ ድምፅ መስመሩ ቢጠፋ እንኳ ተመልሶ ሲመጣ በራሱ ይደርሳል። አይደርቅም፣ አፉን ከፍቶ አይቀርም። ደግሞ የቪዲዮ ጥሪ ሲያልቅ አለቀ ነው፣ ድምፁን ግን እናትሽ ቡና ስታፈላ፣ ለጎረቤት፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እየከፈተች ታሰማለች። የእኔ ትንሿ ልጅ አባቷ ከአንድ ዓመት በፊት የላከላትን የልደት ድምፅ እስካሁን እየሰማች ነው የምትተኛው።

ጊጋውን የሚበላው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጥሪው አይደለም። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። የሚበላው የቤተሰብ ግሩፑ ነው። አክስቶች በየጠዋቱ የሚለጥፉት "መልካም ቀን" የሚል አበባ ያለው ቪዲዮ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ቲክቶክ፣ ስልኩ ሳይጠየቅ ሁሉንም እያወረደ ያስቀምጣል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በራሱ የሚያወርደውን ይዝጋው፣ ዋትሳፕም ላይ እንደዚሁ። የፎቶ ባክአፑንና የአፕ አፕዴቱንም ወደብ እስኪደርስ ያጥፋ። የእኔ ባለቤት ይሄን ሲያደርግ በአሥር ቀን ያልቅ የነበረው ወር ሙሉ ቆየለት።

የወደብ ሲም ያልሽው፣ ይጠቅማል፣ ግን ቦታውን ይወቅ። መርከቡ ላይ ድረስ ወጥቶ ሲም የሚሸጥ ሰው አለ፣ ከሱቅ ዋጋ ሦስት እጥፍ ነው የሚያስከፍለው፣ ባለቤቴ አንዴ የማይሠራ ሸጠውለት መርከቡ ተነሥቶ ሄደ። ወርዶ መግዛት ከቻለ ይውረድ። ብዙ ወደብ ላይ የመርከበኞች ማእከል አለ፣ ሚሽን ቱ ሲፈረርስ ወይም ስቴላ ማሪስ የሚባሉት፣ ዋይፋይ አላቸው፣ ሻይ አላቸው፣ በመኪናም ከመርከቡ ይወስዷቸዋል። መልሕቅ ጥለው ከከተማው ፊት ለፊት ሲቆሙም የወደቡ ሲም ይሠራል፣ ከባሕር ዳርቻ አሥር፣ ሲቀና ሃያ ኪሎ ሜትር ድረስ። ከዚያ በኋላ የለም።

የአገር ቤት ሲሙን ግን አይጣል፣ አይጥፋ! ስልኩ ተበላሽቶ ወይም ቴሌግራሙ ወጥቶበት እንደገና ልግባ ሲል ኮዱ የሚመጣው በአገር ቤት ቁጥሩ ነው። ባሕር መሀል ሆኖ ያን ኮድ ከየት ያመጣዋል? እኛ ሲሙን እኔ ጋ ትተነዋል፣ አሮጌ ስልክ ውስጥ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል፣ ኮድ ሲመጣ ድምፄን ቀድቼ እነግረዋለሁ። የቴሌብሩም ነገር በዚያው ያልቃል።

የመጨረሻው፣ የመርከቡን ስምና ባለ ሰባት አኃዝ የአይኤምኦ (የመርከብ መለያ) ቁጥሩን ተቀበይው። ማሪን ትራፊክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስታስገቢ መርከቡ ካርታ ላይ ይታያል። ነፃው የሚያሳየው ከባሕር ዳርቻ ብዙ ሳይርቁ ነው፣ መሀል ባሕር ሲገቡ ይጠፋል፣ ስለዚህ ሲጠፋ እንዳትደነግጪ። የቀጠረውን ኤጀንት ስልክም ያዢ። የምር ነገር ከመጣ፣ ሞትም ሆነ ልደት፣ በኤጀንቱ በኩል ለካፕቴኑ ኢሜይል ይደርሳል። የሠራተኛው ዋይፋይ ቢጠፋም የካፕቴኑ ኢሜይል አይጠፋም። እኔ ቁጥሩን ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፣ እስካሁን አንዴ ብቻ ነው የተጠቀምኩት።


ታወር ላይ፦

ሁላችሁም ስለ መርከቡ ነው የምታወሩት። ጥሪ ሁለት ጫፍ አለው ጎበዝ። አንዱ ጫፍ ለገዳዲ ነው።

እኔ የታወር ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ መስመር ብዙ ተመላልሻለሁ። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽ ሲደርቅ የእናትሽ ስልክ ላይ ከላይ ጥግ ምን ይላል? 4ጂ? ኤች (3ጂ ማለት ነው)? ኢ (2ጂ ማለት ነው)? ካላየሽው በሚቀጥለው ጊዜ እዪ። ወዲያውም በራስሽ ስልክ አንድ ገጽ ክፈቺ። ያንቺም ካልከፈተ መርከቡን አትውቀሱ።

ከማየው ነገር ልናገር። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነና እናትሽ የምታወራው ጓዳ ወይም ሳሎን መሀል ቁጭ ብላ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ለእሷም ያው እንደ መርከቡ ብረት ነው። ወደ በረንዳ ወይም ታወሩ ባለበት በኩል ወዳለው መስኮት ትምጣ። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነም ዳታው በየትኛው እንደተከፈተ ተመልከቺ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ሲም ካላችሁ ሁለቱንም እዚያው እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ሞክሩ። ለአንድ ሰፈር የሚሻለው በወሬ አይታወቅም፣ ቤት ለቤት ይለያያል።

መብራት ሲጠፋ ታወር በባትሪ ነው የሚሠራው። ባትሪው ሲዳከም አቅሙን ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይም ይጠፋል። መብራት ጠዋት ጠፍቶ ማታ ድረስ ካልመጣ፣ በዚያ ምሽት ቪዲዮ አትጠብቂ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። እናትሽ በቴሌግራም እያወራች ሳለ ሌላ ሰው በተራ ስልክ ቢደውልስ? ስልኳ ቮልቲኢ (ተራ ጥሪን በ4ጂ ላይ የሚያስኬደው) የማይችል ወይም ያልተከፈተለት ከሆነ፣ ተራ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ከ4ጂ ወርዶ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይገባል። ባታነሳውም ይወርዳል፣ መጥራቱ ብቻ ይበቃል። 2ጂ ላይ ከወደቀ ዳታው ቀጥ ይላል። ወደ 4ጂ ለመመለስም ጊዜ ይወስዳል። የዚያኔ ልጁ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ሴቲንግ ውስጥ "ቮልቲኢ" የሚል ካለ አብሪላት። ከሌለ ለጥሪው ሌላ ስልክ መጠቀም ነው።

አቅም ካላችሁ ሲም የሚገባበት ራውተር ገዝታችሁ መስኮቱ ላይ አስቀምጡ፣ አነስተኛ 12 ቮልት ዩፒኤስ አብራችሁ። ተራ ጥሪ አያቋርጠውም፣ መብራት ሲጠፋም ጥቂት ሰዓት ይቆያል።

ትንሽ ከርእስ ልውጣ። ባሕር የለንም እንላለን እንጂ ኢንተርኔታችን የሚመጣው በባሕር ሥር ነው፣ በጅቡቲና በኬንያ በኩል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተጎዱ። ሩቢማር የምትባል በሚሳይል የተመታች የጭነት መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ሳትቆርጣቸው አልቀረችም ነው የተባለው። አንድ መልሕቅ የስንቱን አገር መስመር እንደሚነካ አስቡት። መርከበኛውም እኛም ያው አንድ ባሕር ላይ ነን።


የለገዳዲዋ፦

ሁለት ሳምንት ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ሁሉንም አንድ በአንድ ስሞክር ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

@ታወር ላይ፣ አንተን ሳቅፍህ ነው የሚቀረኝ። ያልከውን አደረግኩ፣ ሲደውል ከእናቴ አጠገብ ቆሜ የስልኳን ጥግ አየሁ። 4ጂ ይላል። ወንድሜ ያወራል፣ ጥርት ብሎ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ከላይ ጥሪ ገባ። ጎረቤታችን ናት። ልጃችን የሚደውልበትን ሰዓት ስለምታውቅ፣ "ደወለ ወይ? ድምፁን ሰማችሁ?" ብላ ልትጠይቅ ነው። ስልኩ ወደ ኢ ወረደ፣ ወንድሜ ደረቀ። እናቴ "መርከቡ!" አለች። እኔ ሳቄ መጣ። አራት ወር ሙሉ ማን እንደሚቆርጠው ያወቅነው ያኔ ነው። በሦስቱ ቀን ዝምታ ጊዜ ቀድማ መጥታ አብራ ያለቀሰችውም እሷ ናት፣ ምን ልበላት? አሁን ከጥሪው በፊት ቤታችን ትመጣለች፣ ቡናዋን ይዛ አጠገባችን ትቀመጣለች፣ አብራን ታወራለች። የእሷ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

የእናቴ ስልክ አሮጌ ነው፣ ቮልቲኢ የሚል አጣሁበት። ስለዚህ ለጥሪ የእኔን እሰጣታለሁ። ራውተሩን ለሚቀጥለው ወር አስበነዋል፣ አሁን በረንዳው ይበቃል። በረንዳው ላይ ንፋስ አለ፣ ጋቢ ለብሳ ነው የምታወራው።

@ሞተር ክፍል፣ ወንድሜ ጠዋት ከቁርስ በፊት መደወል ጀመረ፣ ለውጡ የሰማይና የምድር ነው። የሚደውለውም ከአልጋው ላይ ነበር፣ ልክ እንዳልከው። ቡና ይዞ ወደ ኢቲኦው ሄዶ ነበር፣ ሰውየው ቡናውን ጠጥቶ "አያለሁ" አለው፣ እስካሁን እያየ ነው። ስታርሊንኩን ለዱባዩ ልጅ ተውልን አልነው፣ ትንሽ ቅር አለው።

@የሁለት ልጆች እናት፣ ሰዓቱን በሀበሻ ጻፍ ስለው "ሒሳቡን እኔ ልሥራ?" አለ። አዎ አልኩት። አሁን ከሲንጋፖር ተነሥተው በደቡብ አፍሪካ ዞረው ወደ አውሮፓ እየሄዱ ነው፣ ስለዚህ የሚደውልበት ሰዓት በየጥቂት ቀኑ ይቀየራል፣ እሱ ያስላው። ሲሙም እኔ ጋ ነው፣ ለካ ሲሄድ ትራሱ ሥር ትቶት ነበር። የቤተሰብ ግሩፑንም አወራሁ፣ አክስቴ "አበባዬን ከለከላችሁኝ" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች።

አንድ ችግር ብቻ ነው የቀረኝ። እናቴ ድምፅ መቅዳት ተምራለች። ትናንት የላከችለት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስለ ላሟ፣ ስለ ግድቡ ውኃ መጉደል፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ፣ መሀል ላይ ዶሮ ስታባርር ሁሉ ይሰማል። ወንድሜ "ጊጋዬን ልትጨርሰው ነው" እያለ ነው።


ሞተር ክፍል፦

አሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ ከአክስትሽ አንድ አበባ ያንሳል። ዝም ብሎ ይስማ።